ደጃፉ ላይ የነበረው ቢጫ ጫማ

የዛሬ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ በሶርያዋ ከተማ ሀለብ ውስጥ፣ ዱሪያ የምትባል ሙሽራ በትራስ ታፍና ሞተች። ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ባሏ ላይ፣ ሳሙና ነጋዴው ረሺድ ላይ ነበር። የሟች ወንድም ጃቢር ግቢው መሃል እየተንጎራደደ «አንገቱ ይቀላ!» ይላል። የቃዲው መርማሪ ሸህ ሙሒብ ግን የሚጮህ ሰው አይወዱም።

«ደረጃውን ስትወጣ ታይተሃል» አሉት ረሺድን።

«ወጥቻለሁ፤ ግን አልገባሁም። ደጃፏ ላይ የሴት እንግዳ ጫማ ነበር። ሴት እንግዳ እያለች የትኛው ወንድ ነው ዘው የሚለው? ተመለስኩ።»

«ውሸታም!» አለ ጃቢር። «በረኛው ማንም አልገባም ብሏል!»

«ጫማው ምን ይመስላል?» አሉ ሸህ ሙሒብ ረሺድን።

«ቢጫ፣ በብር ክር የተጠለፈ። ያብረቀርቃል።»

ሸህ ሙሒብ ወደ ውጭ አዩ። ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። በዚህ ጭቃ የሚያብረቀርቅ ጫማ?

ቤቱን አስፈተሹ። ጫማው ከተደራረበው ፍራሽ ኋላ ተገኘ። ረሺድን፣ ጃቢርን፣ የረሺድን እህት ሐፊዛንና የመጀመሪያ ሚስቱን ናፊሳን ሰብስበው መሃል ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት።

«ከሥሩ እዩት፤ ጭቃ አልነካውም። እንግዳ አልመጣችም፤ በረኛውም ረሺድም አልዋሹም። ባልየው እንዳይገባ ብሎ ያስቀመጠው የቤት ሰው ነው። የዘወትር ጫማችሁን ደግሞ ረሺድ ያውቀዋል። ይሄ ሳይደረግ ተቀምጦ የኖረ ነው።»

«እኔን እንዳያዩኝ!» አለች ሐፊዛ። «በዚህ እግሬ? አውራ ጣቴም አይገባበት!»

«ረሺድ፣ የማን ነው?» ሸህ ሙሒብ እሱን ይጠይቁ እንጂ ዓይናቸው ናፊሳ ላይ ነበር።

«እኔ የሴት ጫማ ምኑን አውቄ፣ ሸህ? አይቼውም አላውቅ።»

ምስኪን፣ የሚያውቀው ሳሙና ብቻ ነው። ናፊሳ ሳቀች። ዱሪያ ከገባች ጀምሮ ታምቆ የኖረ ቅናት ነበር በዚያ ሳቅ የፈነዳው።

«አይተኸው አታውቅ? ለሰርጋችን በእጅህ ያመጣህልኝ እኮ ነው! እንዳያልቅብኝ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላደረግኩትም!»

ጃቢር ዓይኑን ከረሺድ ላይ አንስቶ ናፊሳ ላይ ተከለ።

«ሳስቀምጠው ፈርቼ ነበር፣ ሸህ» አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ያውቀዋል፣ የናፊሳ ጫማ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ ይገባል አልኩ። ትራሱን ይዤ ኮቴውን ሳዳምጥ ደግሞ፣ እንዲገባ ተመኘሁ። ቢገባ እተዋት ነበር።»

ወደ ረሺድ ዞረች።

«ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆምክ። ከዚያ ስትወርድ ሰማሁህ።»