ከጉሮሮ በታች

መልካሙ ከአርብ ገበያ በላይ ባለው ቤቱ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ መደብ ላይ ተጋድሟል። ቀብሩ በፖሊስ ትእዛዝ ቆሟል። ከንፋስ መውጫ የተጠራችው የበሽታ መርማሪ ዶክተር ሰናይት ስትደርስ ሳጅን ፊልጶስ ወረቀት ዘረጋላት።

«ለፊርማዎ ብቻ ነው። ሳይሞት ከጉሮሮው የተወሰደው ናሙና በሽታ የለበትም ተብሏል። መርዝ ያበላችው ሚስቱ ናት፤ ወንድሙ ይርዳው ይመሰክራል።»

«ጉሮሮውን ጠይቃችኋል» አለች ሰናይት። «ሳንባውን ግን ማንም አልጠየቀም። አልፈርምም።»

ሚስቱ ላቀች ግቢው ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ካለቀስኩ አመነች ይሉኛል» አለች። «ቢሰቅሉኝም ያላደረግሁትን አደረግሁ አልልም።»

«ሕመሙ እንዴት ጀመረው?»

«ለእናቴ ተዝካር መካነ ኢየሱስ ሄጄ ስመለስ ትኩሳት ይዞት አገኘሁት። ንፍጥ የለው፣ ጉሮሮዬን አላለ። ትንፋሽ ብቻ አጠረው።»

«ማን አስታመመው?»

«እኔ። ከአንድ ማዕድ እየበላን፣ ከአንድ መደብ እየተኛን። እኔን ራሴን እንኳ አላመመኝ።»

ሰናይት ይህን በልቧ ያዘችና ቤቱን ዞረች። ጓዳው መስኮት የለውም፤ የተቃጠለ ላባ ይሸታል። ከጓሮ አፈሩ አዲስ ተቆፍሮ ነበር። ጓንቷን አጥልቃ ብቻዋን ስትገልጠው የፈረንጅ ዶሮዎች ተደርድረው አገኘች፤ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ከሰል መስሏል። መልሳ ከደነችው። ላቀችን ብትጠይቃት፣ «እኛ ያለን የሐበሻ ዶሮ ነው» አለቻት።

ይርዳው ንፋስ መውጫ ዶሮ ያረባል። ከአጥር ውጭ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ነበር።

«ለወንድምዎ ዶሮ ያመጣለትን ሰው ያውቃሉ?»

«እኔ ከገና ወዲህ ይህን ግቢ አልረገጥኩም። ደግሞስ ኩክኒው የጠቆረ ዶሮ ሰው ይገድላል? መርዙን ፈልጉ።»

ሰናይት አንገቷን ነቅንቃ አለፈች። ያን ዕለት ከሬሳው ሳንባ በመርፌ ናሙና ወሰደች፤ መልካሙም ተቀበረ። ላቀች ግን ውጤቱ እስኪመጣ በጣቢያ ታሰረች።

ውጤቱ ሲመጣ ሰናይት ላቀችንም ከጣቢያ አስመጥታ ሁሉንም በደብሩ ቅጥር፣ ከዛፍ ሥር፣ በሽማግሌው በመሪጌታ ቀለመወርቅ ፊት ሰበሰበች።

«ሳንባው ውስጥ የተገኘው መርዝ አይደለም፤ የወፍ ጉንፋን ነው» አለች።

«ታዲያ ከጉሮሮው እንዴት ታጣ?» ሲል ፊልጶስ ጠየቀ።

«ጭጎጎት ጋቢ ላይ ይጣበቃል፤ ከለስላሳ ቆዳ ላይ ግን ይንሸራተታል። የጉንፋን ቫይረስም የሚጣበቅበትን ካላገኘ አይገባም። በሕዋሳችን ላይ ጥቃቅን የስኳር ጫፎች አሉ። የሰው ጉንፋን የሚወደው ዓይነት አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ሞልቷል። የወፉ የሚፈልገው ግን በሰው ላይ ይበልጥ ያለው ከሳንባ ሥር ነው። ወይዘሮ ላቀች ለተዝካር ሄደው ሳለ መልካሙ የሞቱትን ዶሮዎች በዝግ ጓዳ ሲነጭና ላባ ሲያቃጥል ብናኙን እስከዚያ ድረስ ሳበው። ንፍጥ ያልነበረው ለዚህ ነው። ወይዘሮ ላቀችም አጠገቡ ተኝተው የተረፉት ለዚህ ነው፤ ቫይረሱ የሰውን ጉሮሮ ገና አልለመደም። እንዲለምድም ጊዜ አንሰጠውም።»

«ዶሮዎቹን ማን አመጣቸው?» አሉ መሪጌታ።

«ጉድጓዱን ስከፍት ብቻዬን ነበርኩ። ስለ ኩክኒው ለማንም አልተናገርኩም። አቶ ይርዳው፣ ግቢውን ካልረገጡ መጥቆሩን በምን አወቁ?»

«እኔ ዘንድ መሞት ጀምረው ነበር» አለ ይርዳው። «ከታወቀ ሁሉንም ይፈጁብኛል ብዬ፣ ደህና ናቸው ብዬ ለእሱ ሰጠሁት። ይገድለዋል አላልኩም።»

«ሲታመም ግን ገብቶዎታል። ‹የታመመ ዶሮ ነክቷል› ቢሉ ኖሮ መድኃኒቱ በጊዜ ይጀመርለት ነበር። እርስዎ መርዝ አሉ።»

ይርዳው ድንጋይ አንስቶ አንገቱ ላይ ተሸከመና ከላቀች እግር ሥር አጎነበሰ።

«ልጄ፣ ሕጉ የራሱን ይፈርዳል፤ አንቺ ይቅር በይው» አሉ መሪጌታ።

«ድንጋዩን ያውርደው፣ አባቴ» አለች ላቀች። «ባሏን ገዳይ ብሎ የጮኸብኝ ገበያ መሃል ነው። እዚህ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ይቅርታ አልሰማም። አርብ፣ ሰዉ ሲሞላ ይቁምና ስሜን ይመልስ።»

«በሰው ፊት ይከብደዋል» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ችዬዋለሁ፤ እሱም ይቻለው» ብላ የቅጥሩን በር ከፍታ ወጣች።

አርብ ሳጅን ፊልጶስ ይርዳውን ይዞ ገበያ ሲደርስ፣ ላቀች ከሁሉም ፊት ቆማ ትጠብቅ ነበር።