የተኳሹ ስስት

መጀመሪያ የሰማው መኪናዋን ነው። ጠጠጠጠ... ዝም። ጠጠጠ... ዝም።

ከላውንደሪው ጀርባ፣ ከስሷ የጣውላ ግድግዳ ወዲያ፣ አንድ የስፌት መኪና እየተንደረደረ ይቆማል፤ ቆሞ ደግሞ ይንደረደራል። ልብስ የሚተኩሰው ወጣት ካውያውን አንስቶ ጆሮውን ሰጠ። መኪናው ዝም ባለ ቁጥር አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ታየችው። መልኳን ራሱ ሠራላት፤ ድምፅዋንም። አንድ ቀን እንኳ ሳያያት ወደዳት።

በአካል ስትመጣ በልቡ የሠራትን አትመስልም ነበር። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ሜትር አንገቷ ላይ የጠመጠመች፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ።

«ተኳሹ አንተ ነህ?» አለችው፣ የሚተኮስ ኮት አቅፋ።

«ልብስ ነው የምተኩሰው።»

«እሱማ ሰው ብትተኩስ እስካሁን ትመታኝ ነበር። መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር ካውያህ ለምን ይቆማል? ግድግዳው የሳሳው ላንተ ብቻ መሰለህ?»

የሚገባበት ጠፋው። እሷ ግን አግዳሚው ላይ ዘፍ ብላ ኮቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ የምታስተኩሰው ነገር አላጣችም፤ አንዳንዴ የተተኮሰውን መልሳ ታመጣው ነበር። እሱም «ስስቴ» ይላት ጀመር።

«ስስቴ ምን ማለት ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«የማልጠግብሽ።»

«ያልቀመሰ ሰው ደግሞ አልጠገብኩም ይላል?» ብላ ሳቀች። «እኛ ቤት ስስታም የሚባለው ሰሃኑን ደብቆ የሚበላው ነው።»

«እሱ ሌላ ነው። እሱ በሰው ነው የሚሰስተው። እኔ ላንቺ ነው የምሳሳው። ባይሽ ባይሽ አይበቃኝም። ብነካሽ ደግሞ የምታልቂ ይመስለኛል።»

«እንዴ፣ ሳሙና ነኝ?»

ሳቁ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ልጅ ሆኖ ከረሜላ ሲሰጡት አይበላም፤ ኪሱ ውስጥ እየዳበሰ ያቆየዋል፣ ቀልጦ ከጨርቁ ጋር እስኪጣበቅ። ሱሪውን ስታጥብ እናቱ «ይሄ ልጅ ስስቱ ይገድለዋል» ትል ነበር። እሱን የሚያሳዝኑት እኩዮቹ ነበሩ። የነሱ ከረሜላ አልቋላ።

ስፌት ቤቱ የአክስቷ ነው። አክስትየዋ ተኳሹ እንደሚሰማት ታውቃለች፤ ለግድግዳው ነው የምትናገረው።

«የሚፈልግሽ ካለ በበር ይምጣ! የጣውላ ለጣውላ ፍቅር አላውቅም። ካልሆነ ያ የጠየቀሽ የመለዋወጫ ነጋዴ ቅዳሜ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።»

ልጅቷ ከሰዓት መጣች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ዋናው እንቢ ካለ መለዋወጫ አለኝ» አለች። አፏ እየቀለደ ዓይኗ አልቀለደም። «ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«መቼ?»

ኮሌታ ገለበጠ። «ትንሽ ልቆይ። ይሄ ነገር እንዲህ እያለ ደስ ይለኛል። አንዴ ከገባሁ እኮ፣ መቼ ነው የምገባው ብሎ መናፈቅ የለም።»

ትክ ብላ አየችውና ወጣች።

አርብ ከሰዓት ሰማያዊ ቀሚስ ይዛ መጣች። ጨርቁ ስስ ነው፤ ጣት ከስሩ ቢገባ ይታያል።

«ራሴ ነኝ የሰፋሁት። አንተ እኛ ጋ ስትገባ የምለብሰው። ተኩስልኝና ለብሼው አብረን እንግባ። አክስቴ ቁጭ ብላ እየጠበቀችህ ነው።»

ደረቱን ተኮሰ። ወገቡን ተኮሰ። ታችኛውን ዘርፍ እየዞረ ተኮሰ። እሷ አግዳሚው ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች፤ እንፋሎቱ በመሃላቸው ይነሳል። ሰው እንዲህ ጠብቆት አያውቅም። አንድ እጅጌ ቀረ። እሱ ሲያልቅ ካውያው ይቀመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ይህች ከሰዓት ድጋሚ አትመጣም።

እጅጌው አለቀ።

እጁ ጨርቁን ጨበጠው። ጭምድድ አደረገው። ውሃ ረጨበትና እንደገና ጀመረ። ሲጨርስ ደግሞ ጨበጠው።

ቀና ሲል ቆማለች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሳስቼልሽ ነው።»

«ለእኔ ነው ወይስ በእኔ?»

ልዩነቱን ያስተማራት ራሱ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የአክስቷ ድምፅ መጣ፦

«ምነው፣ ያ ተኳሽ ገና እያነጣጠረ ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

«ብዙ የተተኮሰ ጨርቅ ምን ይሆናል?» አለችው ቀስ ብላ።

«ይሳሳል።»

«አንተ ስትሳሳልኝ፣ እኔ ሳሳሁ።»

ያኔ ደነገጠ። ካውያውን አስቀመጠ፤ ገመዱን ከሶኬት ነቀለ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ተነስቻለሁ። አሁኑኑ እንሂድ። እንዳለ ልበሺው፣ ምንም አይልም። በቃ፣ መጣሁ።»

«መጣሁ» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነቱን ነበር።

ቀሚሱን ከጠረጴዛው አነሳች። አንዱ እጅጌ እርጥብና ጭምድድ እንዳለ ክንዷ ላይ አጋደመችው። እሱን በጨረፍታ እንኳ አላየችውም። አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ የበሩን መጋረጃ የገለጠ እጇን ተከትሎ አየ፤ እያፈረም እንኳ እንደዚያች ቅጽበት ፈልጓት አያውቅም።

ጆሮውን ሰጠ። የስፌት ቤቱ በር በስተግራ፣ አስፋልቱ በስተቀኝ ነው።

ኮቴዋ ወደ ቀኝ ሄደ።