ሁለተኛው ስንጥቅ

ፌንጣ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማትችል ግን ቤተሰቡ ሁሉ ፌንጣ ይላታል። ቤታቸው ቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። አባቷ አናጢ ነው፤ ጓሮ ውስጥ እንጨት ይሠራል። እናቷ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት የፌንጣን ሕፃን ወንድም ከኋላ መቀመጫ ላይ ታስርና በብስክሌቷ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ልጁን አክስቱ ዘንድ ጥላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ፌንጣ ብስክሌቱን እንድትነዳ ይፈቀድላታል። ግን ብቻዋን፣ ግቢ ውስጥ። ሰው መጫን ክልክል ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤት መንትዮች መጡ።

"ሁለታችንንም ጭነሽ እስከ ታች ውሰጂን" አለ አንዱ።

"አይቻልም፤ እማዬ ትቆጣለች።"

"ተዋት፣ ፈሪ ናት!" አለ ሌላው።

አያችሁ ልጆች፣ "ፈሪ" የምትባለው ቃል ስንቱን ልጅ ጉድጓድ ከታዋለች! ፌንጣንም ከተተቻት። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ጫነች። ብስክሌቱ እየተንገዳገደ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ። ቀጭ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። መንትዮቹ አቧራቸውን አራገፉና "እኛ የለንበትም!" ብለው እግሬ አውጪኝ አሉ።

ፌንጣ ጎንበስ ብላ አየች። ከፔዳሉ በላይ ያለው ቱቦ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ኮርቻው ስር ደግሞ ሌላ ስንጥቅ አለ።

"አንዱን ካዩ ድንጋይ ነው ይላሉ" ብላ አሰበች። "ሁለቱን ካዩ ግን ምን ስትሠሪ ነበር ይሉኛል።"

ደብተሯ ላይ የለጠፈችውን ቀይ የወረቀት አበባ ላጠችና ኮርቻው ስር ለጠፈችው። ስንጥቁ ጠፋ። ማለቴ፣ ከዓይን ጠፋ።

ከዚያ አባቷ ዘንድ ሄደች። "አባዬ፣ ድንጋይ መታኝና እዚህ ጋ ተሰነጠቀ።"

አባቷ ብስክሌቱን ወደ በያጁ ወሰደው። በያጁ ቱቦውን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገና ሳቀ። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አሉሚኒየም ነው። በእኔ እሳት እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጥልህ።"

"እንግዲያው ቤታችን እንሞክረዋለን" አለ አባቷ። "ፌንጣ፣ ረዳቴ አንቺ ነሽ።"

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አነሳው። ቱቦው ነጭ ሆኖ አበራ። ከዚያ መሰርሰሪያውን አነሳ።

"እንዴ አባዬ! መሰንጠቁ አንሶ ትበሳዋለህ?"

አባቷ ሳቀ። "ስንጥቅ ዝም ካሉት እየረዘመ ይሄዳል፣ ልጄ። ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ከበሳሁለት ግን እዚያ ጋ ይቆማል።"

ቀዳዳዋን በሳ። ከሁለት ብልቃጥ የሚቀላቀለውን ጠንካራ ማጣበቂያ አዋሃደ። ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ማጣበቂያው ውስጥ እየነከረ ቱቦው ላይ ጠመጠመ። ፌንጣ ጫፉን ያዘችለት። እንደ ቁስል አሰሩት።

"እኔ ከቅርብ አጥርቼ አላይም" አለ አባቷ እጁን እየጠረገ። "አንቺ ዓይኔ ሁኚልኝ። ከላይ እስከ ታች ፈትሺልኝ። ሌላ የተሰነጠቀ ቦታ አለ?"

ፌንጣ ቀዩን አበባ አየችው። መናገሪያው ያን ጊዜ ነበር፣ ልጆች።

"ምንም የለም፣ አባዬ።"

"ጎበዝ! እንዳንቺ ያለ ረዳት ከየት ይገኛል!"

እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሄዳ ከልጆቹ ጋር ልትዘምር አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን እምቢ አላት። "ጌታ ሆይ፣ ብስክሌቱን ጠብቅልኝ" ብላ በልቧ ጸለየች። ደግሞም አፈረች፤ እግዚአብሔር አፍ የሰጣት እንድትናገርበት መሆኑን ታውቃለችና።

ሰኞ ጠዋት ማጣበቂያው እንደ ድንጋይ ደርቋል። እናቷ ሕፃኑን ከኋላ አሰረች። ሕፃኑ እግሩን እያወናጨፈ ይስቃል። እናቷ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። ከፊቷ ያ ረጅም ቁልቁለት ተዘርግቷል።

"እማዬ ውረጂ!" ፌንጣ ሮጣ ብስክሌቱን ከኋላ ያዘች። "ውረጂ በእናትሽ!"

"ምን ሆንሽ አንቺ? ረፍዶብኛል እኮ!"

"ኮርቻው ስር! አበባው ስር ሌላ ስንጥቅ አለ! መንትዮቹን ጭኜ ነው የሰበርኩት። አባዬ ፈትሺ ሲለኝም ዋሸሁት!"

አባቷ መጥቶ አበባውን ላጠው። ኮርቻውን በእጁ ጫን አለው። ስንጥቁ እንደ አፍ ተከፈተ።

እናቷ የሕፃኑን ማሰሪያ ፈትታ አወረደችው።

"አባዬ፣ ይጠገናል?"

"አይጠገንም፣ ልጄ። ስንጥቁ ቱቦውን ሊዞረው ትንሽ ነው የቀረው። እንዲህ ያለውን ማጣበቂያ አይዘውም።"

"ቅዳሜ ብነግርህስ ኖሮ?"

"ቢጠገንም ባይጠገንም እናትሽን በላዩ አላስቀምጣትም ነበር። ብስክሌቱስ ዕቃ ነው፤ እኔን የከፋኝ፣ አምኜሽ ያየሽውን መደበቅሽ ነው።"

ፌንጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። "ይቅር በለኝ አባዬ። እማዬ፣ ይቅር በዪኝ።"

አባቷ እንባዋን በእጁ ጠረገላት። እናቷ ሕፃኑን አዘለች፤ በእግር መሄድ ግድ ሆነባት። ፌንጣ ማንም ሳያዛት የእናቷን ዘንቢል አንስታ ተከተለቻት። ቁልቁለቱ በእግር ሲወርዱት ረጅም ነው።

"እማዬ፣ ያን ዕለት ሁሉንም ብነግርሽ ትቆጪኝ ነበር?"

"እንዴታ! በደንብ አድርጌ ነበር የምቆጣሽ።" እናቷ የፌንጣን እጅ ያዘች። "ቁጣዬ ግን እስከ ማታ ያልፍ ነበር። ወንድምሽ ከዚህ ቁልቁለት ቢወድቅ ግን መቼ ያልፍልን ነበር?"

ፌንጣ እጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

ልጆች፣ ከጥፋት ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መደበቅ እውነት መናገር አይደለምና፣ ያጠፋችሁትን ቢያስቆጣም እንኳ ሰው ሳይጎዳ በፊት ሙሉውን ተናገሩ።