የምትስቀው ሴትዮ

«አሥር? ለራስሽ አሥር ሰጠሽ?»

ወርቅዬ ማርክ የተሞላበትን ቅጽ ለመንጠቅ ተንጠራራች። ፋሪዳ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ግን የምትሸሽበት ቦታ አልነበረም። የፎቶ ክበቡ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ሥር ያለች፣ ድሮ መጥረጊያና ጠመኔ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው።

«ለአንዷ ብቻ ነው» አለች ፋሪዳ። «ለሌሎቹማ አልራራሁም።»

ጊዜው ግንቦት 1964 ዓ.ም. ነበር። የክበቡ ኃላፊ የፊዚክስ አስተማሪያቸው አቶ ኃይለመስቀል ናቸው። ለስምንቱም አባላት በየተራ የክበቡን ካሜራ ከአንድ አንድ ፊልም ጋር ሰጥተዋቸው ነበር። አንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ያነሳል፤ አሥራ ሦስተኛ የለም። ከአሥራ ሁለቱ ደግሞ አምስት መርጠው እንዲያቀርቡ ታዘዙ፤ የሰው መልክ፣ መልክዓ ምድር፣ ስፖርት፣ ዕቃ እና የገበያ ሕይወት። ተማሪዎቹን ከሁሉ ያስገረማቸው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነበር።

«ለየፎቶው ከአሥር ማርክ የምትሰጡት እናንተው ናችሁ» አሉ አቶ ኃይለመስቀል። «እኔ የማርመው ፎቷችሁን አይደለም፤ የሰጣችሁትን ማርክና ምክንያታችሁን ነው። ከፍተኛውን ማርክ የሰጣችሁት ፎቶ በወላጆች ቀን አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል። የራሱን ሥራ ከሁሉ አጥርቶ ያየ ተማሪ ደግሞ ክረምቱን ካሜራው እሱ ዘንድ ይከርማል።»

ክረምቱን በሙሉ! ፋሪዳ ይህን ከሰማች ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቷት ነበር።

ማርክ መስጠት ደግሞ ፎቶ ከማንሳት ይከብዳል። መጀመሪያ የእናቷን ፎቶ አየች። እናቷ ዙቤዳ ኮልፌ ገበያ ውስጥ በርበሬ ትነግዳለች፤ ስታወራ እጇም፣ ቅንድቧም፣ ትከሻዋም አብረው ያወራሉ። ካሜራው ፊት ስትቆም ግን እንደ ዘበኛ ቀጥ አለች። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ግን ሴትየዋ እናቷን አትመስልም። ፋሪዳ አራት ሰጠችው።

ቀጥሎ የወጨጫ ተራራ ነበር። አስኮ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ከአንድ ዳገት ላይ ሆና ነው ያነሳችው። ያን ቀን ተራራው ሰማዩን ሞልቶት ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የሽንኩርት ልጣጭ የሚያህል ግራጫ ነገር ሆኖ ተገኘ። ይሄ ነገር በጣም ከነከናት። «የት ሄደ?» ብላ እንደገና አስኮ ድረስ ሄደች፤ በጣቶቿ አራት ማዕዘን ሠርታ በአንድ ዓይኗ አጮልቃ አየች። ተራራው እውነትም ትንሽ ነው! ትልቅ ያደረገው ዳገቱን ስትወጣ ያለከለከችው ትንፋሽ፣ ነፋሱና የባሕር ዛፉ ሽታ ኖሯል። «ካሜራው አይደክመውም» ብላ ቅጹ ላይ ጻፈችና ሦስት ሰጠችው።

ስፖርቱ የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር። ኳሷ ከፎቶው ውጪ ቀርታለች፤ በረኛው ግን ሁለት እግሩ አየር ላይ ነው። አምስት። ዕቃው ደግሞ ዓርብ ዕለት መስጊድ በር ላይ የተደረደሩ ጫማዎች ነበሩ። ከትልቅ ሰው ጫማ ውስጥ የሕፃን ልጅ ጫማ ገብታ ተቀምጣለች። ማንም ያዘጋጀው አልነበረም፤ እሷም አልነካችውም፤ ብቻ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ሰባት ሰጠችው።

አሥር ያገኘችው አምስተኛዋ ናት። በፎቶው ላይ አንዲት ሴትዮ ገበያ መሐል ቆማ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ያየ ሁሉ አብሮ ፈገግ ይላል። ፋሪዳ «ደስታ» የሚል ስም ሰጥታታለች።

«እሷስ አሥር ይገባታል» አለች ወርቅዬ ፎቶውን እያየች። «ካሜራውን ወሰድሽው በቃ። ይሄን ለምን ባዶ ተውሽው ታዲያ?»

በየፎቶው ሥር የሚሞሉ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። «ከማንሳትሽ በፊት ምን ሆነ? ካነሳሽ በኋላስ?» ፋሪዳ ለአራቱ ፎቶዎች መልሳለች። ለአምስተኛዋ ግን አልመለሰችም።

«አላውቅማ!» አለች። «ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ። ጫጫታ ሰማሁ፣ ዞር ስል እጇን ዘርግታለች፣ አነሳኋት። ከዚያ ያየችኝ መስሎኝ ደንግጬ ሮጥኩ።»

«አቦ፣ ፍጠሪያ! ጎረቤቷ ቀልድ ነገረቻት በይ። ማን ሊጠይቃት ነው?»

ፋሪዳ ትንሽ አመነታች። ከዚያም በእርሳስ «ጎረቤቷ ቀልድ ነግራት ሳቀች» ብላ ጻፈች። አጭር፣ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ነበር። ቤት እስክትደርስ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አላት። ምን ዓይነት ቀልድ ቢሆን ነው ሰውን እንዲህ የሚያደርገው?

ቅዳሜ ጠዋት ፎቶውን ደብተሯ ውስጥ ከትታ ከእናቷ ጋር ገበያ ወረደች። እናቷ የበርበሬውን ጆንያ አፍ እየጠቀለለች ፎቶውን በጨረፍታ አየችው።

«ውይ፣ ተሻለች እኮ ናት! ከእንጨት ተራው ማዶ ሸክላ የምትሸጠው።» ከዚያ ቅንድቧን ሰበሰበች። «ግን ተሻለች እንዲህ አትስቅም። እሷ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ነው የምትይዘው።»

«ምናልባት ያን ቀን በጣም ስቃ ይሆናላ።»

«እንግዲህ ሂጂና ጠይቂያት» አለች እናቷ፤ ወዲያው ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ፋሪዳ በአህዮችና በእንጨት ሸክሞች መሐል እየተሹለከለከች ማዶ ተሻገረች። ሴትየዋን ለማግኘት አልተቸገረችም። ከጀበናዎችና ከድስቶች ኋላ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ድስት በጨርቅ ትወለውላለች። ፎቶው ላይ ካለችው ይልቅ ጠና ያለች ናት።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ተሻለች? የዙቤዳ ልጅ ነኝ።»

«የበርበሬዋ ዙቤዳ? ነይ፣ ነይ ልጄ። እናትሽ ድስት ፈልጋ ነው?»

«አይ፣ እኔ ነኝ የመጣሁት። ፎቶ ላሳይዎት።»

እትዬ ተሻለች እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ፎቶውን ተቀበሉ። አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ አደረጉት። «ይቺ እኔ ነኝ?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ድምፃቸው ጨርሶ አይሰማም፤ ትከሻቸው ብቻ ይርገበገባል።

ፋሪዳ ከፎቶው ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ፎቶው አየች።

እትዬ ተሻለች ሳቃቸውን አቆሙ። «ይሄ የዚያን ቀን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጋሪው የመጣብኝ ቀን።»

«የቱ ጋሪ?»

«አልሰማሽም? የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ፈረሱ በረገገና ጋሪውን ይዞ ዕቃዬ ላይ ወጣ። ጀበናው፣ ድስቱ፣ ገንቦው፣ ድቅቅ አለ። ጭቃውን ያቦካሁት እኔ፣ የተኮስኩት እኔ። የስንት ቀን ልፋት መሰለሽ? ያኔ ነው እንዲህ የሆንኩት።» ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ልክ እንደ ፎቶው።

«እየሳቁ አልነበረም?»

«ምን ያስቀኛል፣ ልጄ?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀላት ነበር። ፋሪዳ ፊቷ ጋለ። «እኔ እዚያው ነበርኩ» አለች። «አንስቼ ሮጥኩ። ምን እንደሆኑ እንኳን አላየሁም።»

«ያን ቀን ስንቱ ከቦኝ ቆሞ ነበር። አንቺን በምን ዓይኔ ልይሽ?» ፎቶውን እንደገና አዩት። «ጉድ እኮ ነው። የማያውቀኝ ሰው ቢያየው፣ ይቺ ሴትዮ ሠርግ ቤት ናት ይላል። ትሰጪኛለሽ ይሄን?»

«ለምን ይሆንዎታል?»

«ልጄ አሰብ ነው የሚሠራው፣ ወደቡ ላይ። በጻፈ ቁጥር፣ እማ በእውነት ደህና ነሽ ወይ፣ ይለኛል። ደህና ነኝ ብዬ ባጽፍለት አያምነኝም። ይሄን ያምናል።»

ፋሪዳ ውሸት ነው ልትል አሰበች፤ ግን ለማን ነው የምትለው? ይሄን ፎቶ ያወጣችው እሷ ናት። «ይውሰዱት» አለች። ከዚያም ስለ ወላጆች ቀን፣ ስለ አዳራሹ ነገረቻቸው። «ፎቶውን ሳወጣ ከታች በኩል የቆረጥኩት ነገር አለ። ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። እሱ ሸክላው ይሆን? ሙሉውን አውጥቼ ብሰቅለው ይፈቅዱልኛል?»

«ያላየሁትን እንዴት ብዬ ልፍቀድ? አምጪና ልየው።»

«የማስረክበው ግን ሰኞ ነው።»

«እኔ ደግሞ የምመጣው ቅዳሜ ነው» አሉ እትዬ ተሻለች፤ ድስታቸውንም መወልወል ቀጠሉ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ፋሪዳና ወርቅዬ ደረጃው ሥር ገብተው በሩን ዘጉ። በቀዩ መብራት ፋሪዳ ፊልሙን ማጉያው ላይ አደረገች። ባለፈው ምስሉን አተልቃ ከታች የተዝረከረከውን ለማስቀረት የማጉያውን ራስ ከፍ አድርጋው ነበር፤ አሁን ዝቅ አደረገችው። ኔጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ስለሚሆን ያኔ ምንነቱን አልለየችውም። ወረቀቱን የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ነከረችና ጠበቁ።

መጀመሪያ የጋሪው ጎማ ብቅ አለ። ከዚያ የተሰባበረ ሸክላ፣ የአንድ ጀበና አንገት፣ የተገመሰ ድስት። ከዚያ ነጠላው፣ እጆቹ፣ ፊቱ።

ወርቅዬ ጎንበስ አለች። «ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

«ታለቅሳለች አልሽ?»

«ታዲያስ፣ እያለቀሰች አይደል እንዴ? ...ቆይ!» ወርቅዬ ቀና አለች። «ይቺ ያቺው ሴትዮ ናት?»

ያቺው ናት፤ ፊቷም ያው ፊት ነው። አንዲት መስመር አልተለወጠችም። ፋሪዳ አንድ ወረቀት ወስዳ የፎቶውን ግርጌ ሸፈነችው፤ ሴትየዋ ሳቀች። ወረቀቱን አነሳችው፤ አለቀሰች። ደግማ ሸፈነችው። ደግማ ገለጠችው። ይሄ ነገር እያስፈራትም፣ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

«የበፊቷ ፎቶስ የት አለች?» አለች ወርቅዬ።

«ለራሳቸው ሰጠኋቸው።»

«ሰጠሻቸው? አንቺ ፋራ! እሺ፣ ይቺን ስቀያታ። ስሚኝ፣ ይቺኛዋ እንዲያውም ትበልጣለች። አቶ ኃይለመስቀል ሲያዩዋት ካሜራውን እዚያው ነው የሚሰጡሽ።»

ፋሪዳም ይህንኑ እያሰበች ነበር። ፎቶዋ ትበልጣለች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም፤ እንደገናም ታነሳ እንደሆነ እንጃ። ግን ይህቺን ፎቶ ስታይ አንድ ከፎቶው ውጪ የቀረ ነገርም ይታያታል። ከመንገዱ ማዶ ካሜራ አቅፋ የምትሮጥ ልጅ።

«አልፈቀዱልኝም» አለች።

«ከለከሉሽ?»

«አልከለከሉኝም። ልየው ነው ያሉት።»

«ታዲያ ቢያዩት እሺ ይሉሻላ!»

«ይሆናል። ግን ገና አላዩትም።»

ወርቅዬ በረጅሙ ተነፈሰች። ቢሆንም ፎቶውን ከውኃው አውጥታ ገመዱ ላይ የሰቀለችው እሷው ናት፤ ጫፉን ብቻ ይዛ፣ እንዳይጫጫር ተጠንቅቃ።

ፋሪዳ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «ጎረቤቷ ቀልድ ነግራት ሳቀች» የሚለውን በላጲስ አጠፋችው። እርሳሱ ጠልቆ ስለነበር ፊደሎቹ ሙልጭ ብለው አልጠፉም፤ በላያቸው ላይ ጻፈች። «ከማንሳቴ በፊት፣ ጋሪ የእትዬ ተሻለችን ሸክላ ሰበረ። ካነሳሁ በኋላ፣ ሮጥኩ።» «ደስታ» የሚለውን ስም ሰረዘች። አሥር የሚለውንም ማርክ ሰረዘች። ከአጠገቡ ሌላ ቁጥር ለመጻፍ እርሳሷን አስጠግታ ብዙ ቆየች።

አቶ ኃይለመስቀል ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ውስጥ ቅጾቹን ይሰበስቡ ነበር። የፋሪዳን ቆመው አነበቡት። «ካሜራው አይደክመውም» የሚለው ላይ ፈገግ አሉ። ከታች ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ማርክ፣ ገና» ብለው አነበቡ። «ገና ማለት ምን ማለት ነው?»

«ፎቶው ላይ ያሉት ሴት አላዩትም፣ መምህር። እስኪያዩት ማርክ ልሰጠው አልቻልኩም። የሚሰቀለው የጫማው ይሁንልኝ፤ ሰባት አለው።»

«ካሜራውን ማን እንደሚወስድ የምናገረው ዓርብ መሆኑን ታውቂያለሽ አይደል? ከአምስት አንድ የጎደለው ቅጽ ይዤ ለመፍረድ ይቸግረኛል።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

ፋሪዳ ፎቶውን እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጋ በብብቷ ይዛው ነበር። ጠበቅ አደረገችው።

«ገበያው ቅዳሜ ነው» አለች።