የሳቢር ጠመንጃ የት ይደርሳል?

«ተኩስ!» አሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ሀጂ ሳቢት።

ሳቢር የፕላስቲክ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስደግፎ ቃታውን ሳበ። ጠመንጃው እንደ ታመመ ሰው ተነፈሰና ነጯ የላስቲክ ፍሬ ግቢውን እንኳ ሳታጋምስ መሬት ላይ ወደቀች። አንዲት ዶሮ እህል መስሏት ሮጣ መጥታ በመንቁሯ ነካቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሕይወት አልሳቀችም። ከአባቷ ከኃይሉ ጀርባ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ባለፈው ሳምንት ያው ጠመንጃ ከሳቢር ቤት ጣራ ላይ ሆኖ ከመንገዱ ማዶ ያለ ጀሪካን ሲያስጮህ በዓይኗ አይታለች። ማየት ብቻ አይደለም፣ እንዲያ እንዲተኩስ አድርጋ የሠራችውም እሷ ናት።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት በአዴ ሀኒፋ ዓይን ጉዳይ ነው። አዴ ሀኒፋ እዚሁ ጭሮ፣ ከሳቢር ቤት ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ጫት ይሸጣሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላቸው ሥር እንደተቀመጡ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ትንሽ ነገር ግራ ዓይናቸውን መታቸው። ሐረር ድረስ ተወስደው ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ በዚህ ዓይን ማየታቸውን እንጃ» ብሎ መለሳቸው።

የመታቸውን ሰው ያየ የለም። በዚያ ሰዓት በመንገዱ ሲያልፍ የታየው በክሪ ነው። በክሪ ከሕይወት ጋር ዘጠነኛ ክፍል ይማራል። ከትምህርት መልስ በአባቱ ማሽላ ውስጥ ወፍ ስለሚጠብቅ ወንጭፉ ከአንገቱ አይለይም። ለሰው ደግሞ ይህችው በቂ ነበረች። የሳቢር ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ ግን የእሱም ጠመንጃ ይሞከር ተባለ።

ሀጂ ሳቢት ጠመንጃውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ይኼ የልጅ መጫወቻ ነው። እንኳን ሰው ሊያቆስል መንገዱንም አይሻገር» አሉና ወደ በክሪ ዞሩ። «አንተ ደግሞ አልወረወርኩም ትላለህ። እንግዲያው ማልና ነፃ ውጣ።»

በክሪ ወደፊት ራመድ አለ። ሊምል ነው። አባቱ ኦቦ አብዶ ግን ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«አይምልም!»

«አባ፣ እኔ እኮ አልመታኋቸውም!»

«ጨልእሲ!» ብለው በኦሮምኛ ዝም አሰኙት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «በእኛ ቤት መሐላ የለም። አባቴም አልማለም፣ እኔም ምዬ አላውቅም። እውነቱን ይዞ የማለ ሰው እንኳ ቤቱ ሲፈርስ አይቻለሁ። ልጄ አልወረወርኩም ካለኝ አምነዋለሁ። ግን አይምልም። ያልማለ ጥፋተኛ ነው ካላችሁ፣ ጥፋቱን እኔ ተቀብያለሁ።»

በዚሁ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ። እውነቱ ይገኝ አይገኝ የጠየቀ አልነበረም፣ ጥፋቱን የሚወስድ ሰው ተገኝቷላ! በክሪ የተጎጂዋ ቤተሰብ ፊት እንዳይታይ ትምህርቱን ትቶ አሰቦት አጎቱ ጋ እንዲሄድ፣ እዚያም ከብት እንዲጠብቅ ተወሰነ። ልጁ አባቱን ብቻ ነበር የሚያየው።

ሕይወት ሳቢርን መንገድ ላይ ደረሰችበት።

«የጠመንጃውን የድሮ ሞላ መልሰህ ከተትከው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ያስገባሁትስ?»

«ወንዝ ከተትኩት። አቦ አታካብጂ! ጃንጥላቸውን ነበር ያነጣጠርኩት፣ ወላሂ። ደግሞስ ‹አሁን ጃንጥላቸውንም አትስትም› ያለችኝ ማን ናት?»

እሷው ናት። ጠመንጃውን አጎቱ ከጅቡቲ ሲያመጣለት ፍሬዋን በእጅ ቢወረውራት ይሻለው ነበር። ሕይወት አባቷ ባጃጅ የሚጠግንበት ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገችው። ጠመንጃውን በካቻቢቴ ፈታችው። ደካማውን ሞላ አውጥታ ከተጣለ ባጃጅ ላይ ጠንከር ያለ ሞላ አስገባችለት። አየር እንዳያሾልክ ላስቲክ ቆርጣ ከጀርባው ደገፈችው፣ የሚወዛወዘውን አፈሙዝ በፕላስተር ጠቀለለችው። ጀሪካኑ ከመንገዱ ማዶ ሲጮህ ሳቢር «አንቺ ልጅ ጂኒ ነሽ!» ብሎ ጨፈረ። ጋራዡ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ አባቷን «ወንድ ልጅ የለህም እንዴ?» እያለ ሲጠይቅ ነው የኖረው። እጇን ያደነቀላት የመጀመሪያው ሰው ሳቢር ነበር። ደስ ብሏት፣ ልቧ አብጦ ያችን ቃል ወረወረች።

«በክሪ እሑድ ይሄዳል» አለችው።

«አባቱ ባይከለክሉት ምሎ ይድን ነበር። እኔ ምን አገባኝ? እኔን ካስያዝሽኝ አንቺም አብረሽ አለሽበት።» ይህን ብሎ እጁን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ማታ አባቷን ጋራዡ ውስጥ እጁን በቤንዚን ሲያጥብ አገኘችው።

«አባዬ፣ ያ ጠመንጃ...»

«አውቃለሁ» አለ ሳያያት። «ለእሱ የቆረጥሽውን ላስቲክ አይቻለሁ።»

ሕይወት ደነገጠች። «እያወቅክ ነው ዝም ያልከው?»

ኃይሉ በአገጩ ወደ በሩ ጠቆማት። የተደረደሩት ባጃጆች ግማሾቹ የሳቢር አባት ናቸው። «እነዚያ ሌላ ጋራዥ ከሄዱ ምን ልንበላ ነው? አብዶስ ቢሆን ራሱ ተቀበለ እንጂ ማን አስገደደው?»

አባቷ መጥፎ ሰው አይደለም። ለዚህ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቷ አፈረች። ማፈሯንም ሳያይባት አልቀረም፣ ታጥቦ የጠራውን እጁን እንደገና ማጠብ ጀመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአሮጌ ዕቃው ክምር ውስጥ ሞላ እየመረጠች ሳለች አባቷ ደረሰባት።

«ምን እየፈለግሽ ነው?»

«ሞላ። ሀጂ ሳቢት ጋ ልሄድ ነው።»

ኃይሉ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ተወው። ጀርባውን ሰጣትና «ከሄድሽ ሁለተኛ ጋራዡ ውስጥ እንዳላይሽ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ሄደች።

ሀጂ ሳቢት ጠመንጃውን መስኮት ላይ ጥለውት ነበር። ስትጠይቃቸው «ምን ሊያደርግልሽ?» አሏት።

«ጠመንጃው ትናንት እንዳያችሁት አልነበረም፣ ሀጂ። ያን ቀን እንዴት እንደነበረ አድርጌ ልሥራውና ይዩት።»

ሽማግሌው ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ሰው ላኩ። የሳቢር አባት እየተቆጡ መጡ። ኦቦ አብዶ ከበክሪ ጋር መጡ። በመጨረሻ አዴ ሀኒፋ ግራ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ እንደታሰረ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ሳቢር በሩ ጋ ቆመ እንጂ አልገባም።

ሕይወት በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጠመንጃውን ፈታችው። አንዷ ብሎን አምልጣት ተንከባለለች። በክሪ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ሰጣት። ቀና ብላ ሳታየው ተቀበለችው።

«ይቺ ናት የሠራችው?» አሉ አዴ ሀኒፋ።

«እኔ ነኝ፣ አዴ።»

ይሰድቡኛል ብላ ጠበቀች። አልሰደቧትም። በቀረችው ዓይናቸው እጆቿን ብቻ ያዩ ነበር። ሕይወት እንባዋ ቢመጣም እያለቀሰች ሞላውን አስገባች፣ ላስቲኩን ደገፈች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች።

«ጨረስሽ?» አሉ ሀጂ ሳቢት። «ሳቢር፣ ና ተኩስ።»

ሳቢር ከበሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ይቺ ልጅ ዛሬ ልታሳብደን ነው እንዴ?» አሉ አባቱ። «የፕላስቲክ ዕቃ ነው ተባለ እኮ! ትናንት ሁላችሁም አይታችኋል!»

ሕይወት ጠመንጃውን ይዛ ተነሣች።

«እዚህ አይደለም» አለች። «በሳቢር ቤት ጣራ ላይ ሆኜ እኔ እተኩሳለሁ። ሰዉን ከመንገዱ አርቁልኝ። አንድ ባዶ ጣሳ ደግሞ አዴ ሀኒፋ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀምጡልኝ።»

በሳቢር ጎን አልፋ ወደ ቤቱ አመራች።