በረዶ የነካሁ ለት

ሜልበርን ውስጥ የሜድስቶን ሰፈሯ ታየች ልብስ ላሰጣ ብላ ጓሮ ወጥታ ነው የሰማችው አሉ። በዚያ ካፊያ ልብስ የሚያሰጣ ማን ነው? እሱን አትጠይቋት። ብቻ ከአጥሩ ወዲያ የመኪና በር ሲከፈት ሰማች። ከዚያ የጎረቤቷ የማንተግቦሽ ድምፅ ተከተለ።

«አውቀህ ነው ይርጋ። አውቀህ ነው ጭቃ ያሳየኸኝ።»

በሩ ድው ብሎ ተዘጋ። መኪናው እዚያው ቆሞ፣ ቆሞ... ሄደ።

እሑድ ሳይደርስ ወሬው ሌላው ሰፈር፣ ፖይንት ኩክ፣ ገባ። «ያ ባስ ነጂው ማንተግቦሽን በረዶ ላሳይሽ ብሎ ወስዶ ጭቃ አሳይቶ መለሳት» እየተባለ ተሳቀ። ማንተግቦሽ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንተግቦሽ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሏ ከሞተ አስራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኤጅድ ኬር፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ እየሠራች ልጇን ዜማን ብቻዋን አሳድጋ ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት ሺፍት ረፍዶባት ባስ ውስጥ ተቀምጣ ለጓደኛዋ ለፈጡማ ደወለች።

«ምን ላድርግ ፈጡማ፣ ሹፌሩ ኤሊ ነው። በእግሬ ብሄድ እቀድመው ነበር። ደግሞ አንገቱን ብታዪው እንደ ኤሊ ነው የሰበሰበው።»

ፌርማታዋ ላይ ስትደርስ ሹፌሩ በመስታወት አያትና በጥርት ያለ አማርኛ፣ «እህቴ፣ ኤሊው ደርሷል» አላት።

እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ሐሙስ ስትሳፈር ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ገባች።

«ሻርፑን አውቀዋለሁ» አለ ይርጋ። «የሰኞው ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሰኞና ሐሙስ ከጀርባው ያለው ወንበር የሷ ሆነ። እሱም ብቸኛ ነው፣ አምሳ አራት ዓመቱ። ሚስቱ ትታው ፐርዝ ከሄደች ቆይታለች። ክረምት ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ቱሪስት ወደ በረዶ ተራራ ይወስዳል። ማንተግቦሽ ሃያ ዓመት ሜልበርን ኖራ በረዶ ነክታ አታውቅም። ስለዚህ እሱ ሲነግራት አፏን ከፍታ ትሰማዋለች።

«በረዶ ጊዜውን አይተሽ ነው ተራራ የምትመርጪለት» ይላታል። «ሰኔ ላይ በሎንግ ዊኬንዱ፣ ሰኞ በዓል ሲሆን፣ ይከፈታል፣ ግን ስሙ ነው እንጂ መሬቱ ሣር ነው። ሐምሌና ነሐሴ የትም ብትሄጂ በረዶ አለ። ሴፕቴምበር ላይ ዝቅ ያሉት ይቀልጣሉ። ያኔ ከፍ ካላለ አታገኚም፤ ፎልስ ክሪክ ድረስ ትወጫለሽ።»

ጭቃው በሆነበት ዓመት፣ 2016 ነው በፈረንጆቹ፣ ማርች ላይ ባሱ ባዶ ሲሆን ዞር ብሎ አያት።

«ማንቴ... አብረን ብንኖርስ?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ግን አስራ ሁለት ዓመት ዝም ያለ አፍ እንዲህ በቀላሉ ይከፈታል? ቀልድ አድርጋ አመለጠች።

«በረዶ የነካሁ ለት እነግርሃለሁ።»

ከዚያ ሃይፖይንት የገበያ አዳራሽ ሄዳ ሁለት ጓንት ገዛች። አንዱ የሴት፣ አንዱ የወንድ፣ ሁለቱም ቡናማ። መልሷ ጓንቱ ነበር። ተራራው ላይ ስትሰጠው እንዴት እንደሚሆን እያሰበች ሥራ ላይ ብቻዋን ስትስቅ አሮጊቶቹ ታዘቧት።

ሰኔ ላይ በሎንግ ዊኬንዱ ይርጋ «እንሂድ» አላት። በራሱ መኪና ወደ ቅርቡ ተራራ ወጡ። እዚያ ሲደርሱ ጭቃ ነው። ሣርና ጭቃ። ሕፃናት የፕላስቲክ መንሸራተቻቸውን ታቅፈው ያለቅሳሉ፣ ወላጆቻቸው ቺፕስ ይገዙላቸዋል። ይርጋ ቀዝቃዛ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «በቃ፣ የለም እንግዲህ» አለ። ጓንቱ ከቦርሳዋ ሳይወጣ ተመለሱ።

መንገድ ላይ ነው የገባት። ሰኔ ላይ ሣር ነው ብሎ የነገራት ራሱ ነው። በረዶን እንደ ቤቱ የሚያውቅ ሰው ጭቃ ላይ የወሰዳት መልሷን ባይፈልገው ነው። ጠይቆ ተጸጽቷል ማለት ነው። ታየች ከአጥሩ ወዲያ የሰማችው ይሄንን ነው።

አንዴ ደወለ፣ አላነሳችም። «ይቅርታ» ብሎ ጻፈ፣ አልመለሰችም። ባስ ትታ ባቡር ጀመረች፤ ሃያ ደቂቃ ያስረዝምባታል። ሐምሌ አለቀ። ነሐሴ በፍልሰታ ጾም አለፈ። ጓንቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ሴፕቴምበር ላይ አንድ ቀን ፈጡማ ቤቷ መጥታ ሻርፕ ስትፈልግ መሳቢያውን ከፈተችውና አየችው።

«ይሄ የወንድ ነው።»

«ተዪው እሱን።»

«ይርጋ ያውቃል?»

«አያውቅም። መልሴን አልፈለገውም፣ ፈጡማ። ቢፈልግ ጭቃ ይወስደኝ ነበር?»

«ጠየቅሽው?»

ማንተግቦሽ መሳቢያውን ገፍታ ዘጋችው።

«በረዶ ስነካ ያልሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ እሱ ካላስነካሽ እግር የለሽም? ሂጂና ንኪ። ከዚያ ፊቱን አይተሽ ጠይቂው።»

ዜማ ሶፋው ላይ ሆና ስልኳን እያየች፣ «ማሚ፣ ኢትስ ኦልሞስት ኦቨር» አለች። «የበረዶው ሲዝን ሊያልቅ ነው።»

«የት ቀርቷል? የተራራዎቹን ካሜራ እይልኝ።»

ልጅቷ ተራራዎቹን በየተራ በስልኳ አሳየቻት። ያ የጭቃው ተራራ አሁንም አረንጓዴ ነው። የሌላውም በረዶ ተቦጫጭቋል። ከፍ ያለው ፎልስ ክሪክ ግን ነጭ ነው፤ ዛፉም ጣሪያውም።

«እሱን ቡክ አድርጊልኝ» አለች ማንተግቦሽ። «የይርጋን ባስ።»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ባሱ በር ላይ ስትቆም ይርጋ የስም ዝርዝሩን ይዞ ደነገጠ። አልፋው ገባች። ከጀርባው ያለው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ በመስታወት ያያታል፣ ስታየው ዓይኑን ወደ መንገዱ ይመልሳል።

ተራራው ላይ ቱሪስቱ ሁሉ እየሮጠ ወረደ። ይርጋ ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብሎ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት የታሰረውን ሰንሰለት የሚያይ መሰለ። ማንተግቦሽ ወርዳ በባዶ እጇ በረዶ ዘገነች። አቃጠላት። እንደሚያቃጥል ማንም አልነገራትም።

«ይርጋ። ነካሁ።»

ቀና አላለም።

«ቀና በልና አንድ ነገር ንገረኝ። ለምን ጭቃ ወሰድከኝ?»

«በረዶ ከሌለ... መልስም የለም ብዬ።»

«መልሱን ጠልተኸው?»

«ፈርቼ።» ሰንሰለቱን ለቀቀው። «እምቢ ካልሽ ሌላ ባስ ትይዣለሽ። ሦስት ዓመት ሰኞና ሐሙስን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ ማንቴ። ሰኞ ያላንቺ ምን ይሆናል? እንዲሁ ሳትመልሺልኝ ብትቀመጪም ይበቃኝ ነበር። ከዚያ ጭራሽ ሄድሽ።»

ማንተግቦሽ በረዶውን ጣለችና ከቦርሳዋ የወንዱን ጓንት አወጣች። የዋጋው ወረቀት ገና አልተቀደደም።

«ይሄ መቼ የተገዛ ይመስልሃል?»

ይርጋ ጓንቱን አገላብጦ አየው።

«ማርች ላይ ነው» አለች። «በጠየቅከኝ ሳምንት። ሰኔም ይዤው ሄጄ ነበር፣ ያንተ ጭቃ መለሰው።»

ይርጋ ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። አምሳ አራት ዓመቱ ነው ብያችኋለሁ።

«በኋላ ታለቅሳለህ» አለችው፣ እሷም እንባዋ እየወረደ። «አሁን እጄ በብርድ ሊቆረጥ ነው፣ ያዘው።»

ያዘው።

የመስቀል ለት ምሳ ታየች ቤት ነበር። ይርጋና ማንተግቦሽ ሁለት ቡናማ ጓንት አድርገው ገብተው፣ ሰላም ብለው፣ ወደ ጓሮ ከወንዶቹ ጋር ወጡ። ታየች ወጥ እያወጣች ጓደኛዋን ለተሚካኤልን ጠቀሰቻት።

«አየሻት? አምሳ ሊሞላት ነው። ሰው በጊዜው ነው እንጂ እንዲህ ያለውን፣ በሴፕቴምበር ምን በረዶ አለ? ቀልጦ ያለቀ ነገር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ለተሚካኤልም ሳቀች።

ከሴቶቹ መሃል የተቀመጠችው ፈጡማ ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከፍ ብለው ለወጡት አለ፣ እትዬ ታየች» አለች። «እርስዎ እኮ ሐምሌም ላይ ከአጥርዎ አልራቁም።»

የወጡ ጭልፋ ድስቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።