ቦኔ ኪና

በሁዳዴ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሮም ከተማ ፒኜቶ ሰፈር በሚገኘው በወይዘሮ አብረኸት ቤት አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ወይዘሮ አብረኸት፣ ልጃቸው ቅሳነት፣ ወንድማቸው አቶ ዑቕባሚካኤል፣ ቅሳነትን ለማግባት የመጣው ኣንገሶም፣ ስለ እሱ ሆነው ሊናገሩ የመጡት ሽማግሌ ጋሽ ገብረሃና።

ኣንገሶም በራሱ አፍ ይጠይቅ ቢባል እስኪመሽም አይጨርስም ነበር። ዓይን አፋር ነው። ሥራው ባለቤቱ የሞተበትን ቤት ዕቃ እያወጡ መጫን ነው። አንድ ቀን ከቁም ሣጥን ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ አሮጌ የእንግሊዝ ማንቆርቆሪያ አገኘ። አሠሪው «ውሰደው» አለው። ከዚያ ወዲህ ልቡ እዚያው ቀረ። ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ባለችው ክፍሉ አሥራ አንድ ደረሱለት፤ ረጃጅሞቹ የቡና፣ ሆዳሞቹ የሻይ። በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣ ጣቶቹ በስሱ ገላቸው ውስጥ ጥላ ሆነው ሲታዩት ለብቻው ፈገግ ይላል።

ቅሳነትንም ያገኛት በዚሁ ሰበብ ነው። የእሑድ ገበያ ላይ ሁለቱም አንድ ማንቆርቆሪያ ለማንሣት እጃቸውን ሰደዱ።

«ክዳን የለውም» አላት።

«ነጋዴው አንተ ነህ?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን አገባህ?» ብላ ሳቀች። እሱ እስከ ጆሮው ቀላ። ገዝታ አስታቀፈችው። «ክዳኑን ስታገኝ ጥራኝ።»

ክዳኑ እስኪገኝ አልጠበቀም፤ በሦስተኛው ቀን ደወለላት።

በጥር ለእናቷ ከአሥራ አንዱ በጣም የሚወደውን፣ ከንፈሩ ወርቅማ የሆነውን ረጅም የቡና ማንቆርቆሪያ ይዞ ሄደ። ወይዘሮ አብረኸት ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ማኅተም አነበቡ። ያነበቡትም ሃያ ዓመት ሮም የኖረ ሰው እንደሚያነበው፣ በጣልያንኛ ነው።

«ቦኔ ኪና! እነዚህ የሮም ሰዎች ቡኦኔ ለማለት ቦኔ አይደል የሚሉት? ጥሩ የቻይና ዕቃ ማለት ነው፣ አይደል ልጄ?»

«ቦኔ» ያሉት ቃል በእንግሊዝኛ ቦን፣ አጥንት ማለት እንደሆነ ኣንገሶም ያውቃል። ሊናገር አፉን ከፈተ። ቅሳነት በኩራት ታየው ነበር። አፉን መልሶ ዘጋና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሁዳዴ ገባ። ወይዘሮ አብረኸት በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚቀምሷትን የመጀመሪያ ሻይ የሚቀዱት በዚያው ማንቆርቆሪያ ሆነ።

በዚህ እሑድም ቅሳነት በዚያው ሻይ ቀዳች። አቶ ዑቕባሚካኤል «ጨጓራዬን» ብለው ሲኒውን መለሱ። ጋሽ ገብረሃና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሎራ፣ እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ የታወቀ ነው። ልጁ ይኸውና፤ የመኖሪያ ፔርሜሶው የታደሰ፣ ጥርሱ ሙሉ። ምላስም አለው ይባላል፣ እኔ ግን እስካሁን አላየሁትም።»

ቅሳነት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አቶ ዑቕባሚካኤል አልሳቁም።

«ከዚያ በፊት እህቴ አንድ ነገር ትወቅ። ይህ ዕቃ የተሠራው ከከብት አጥንት ነው። ሎንዶን ያለችው ልጄ ናት የነገረችኝ። ይኸው ካቶሊኩ ሙሽራችን ሁዳዴን ሙሉ ጾም ሲያስገድፍሽ ከረመ።»

ወይዘሮ አብረኸት ሲኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ቅሳነት፣ ሻዩን አንሺው።»

ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። ኣንገሶም ሲኒዎቹን ሰብስቦ ተከተላት።

«እውነት አጥንት አለበት?» አለች በሹክሹክታ።

«አለበት።»

«እንዳትል! ድሮ ነበር፣ አሁን ስሙ ብቻ ነው የቀረው በላት። ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ቅሳነት...»

«በጾሟ ከመጣህባት አለቀልን። ገባህ? አንዲት ቃል ናት።» እርጥብ እጇን እጁ ላይ አሳረፈች። «እሺ በለኝ።»

እሺም እምቢም ሳይላት፣ ከሳሎን ስሙ ተጠራ።

«ናማ ተቀመጥ» አሉት ወይዘሮ አብረኸት። «የዚህን ዕቃ ነገር ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አጥንት አለበት ወይስ የለበትም?»

ከመስኮቱ ሥር ትራም አለፈ። ቅሳነት በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይኖቿ አንዲቷን ቃል ይለምኑታል። ኣንገሶም አያት፤ ዓይኑን ሰበረ።

«አለበት» አለ። ድምፁ ስላልወጣለት ደገመው። «አለበት፣ እማማ። ግማሽ የሚጠጋው የተቃጠለ የከብት አጥንት ዐመድ ነው። ያን ቀን ጥሩ ማለት ነው ወይ ሲሉኝም አውቅ ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ።»

ቅሳነት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሰማሽ?» አሉ አቶ ዑቕባሚካኤል።

«በእሳት ያለፈ ዐመድ እኮ...» ብለው ጀመሩ ጋሽ ገብረሃና።

«እርስዎን አልጠየቅሁም፣ ጋሼ።» ወይዘሮ አብረኸት ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «አንተ ሻይ የተውከው መቼ ነው?»

«ምን?»

«እኔ ቤት ሻይ መጠጣት የተውከው መቼ ነው?»

አቶ ዑቕባሚካኤል ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

«ከቅድስት እሑድ ወዲህ» አሉ ወይዘሮ አብረኸት ራሳቸው መልሰው። «ሦስት እሑድ ጨጓራዬን አልከኝ። ሦስቱንም እሑድ እፊቴ ቁጭ ብለህ ስጠጣ አየኸኝ።»

«ጊዜ ጠብቄ ልነግርሽ...»

«እሱንስ ጠብቀሃል።»

ከዚያ ወደ ኣንገሶም ተመለሱ። ፊታቸው አልፈታም።

«አንተም ዝም ብለሃል። ግን ያልጠየቅሁህን ጨምረህ በራስህ ላይ ተናገርክ። የጾሜን ነገር ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። አንተን እስከ ፋሲካ ዓይንህን ማየት አልፈልግም። ስልክም የለም። ከፋሲካ በኋላ ና፤ ስትመጣ ግን የራስህን አፍ ይዘህ ና።»

ደረጃውን ሲወርድ ቅሳነት ደረሰችበት።

«ዋሽ ብዬህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንኳንም አልዋሸህ የምልህ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ተናድጃለሁ።»

እንዲህ ብትልም የያዘችውን እጁን አልለቀቀችም። እስከ ውጪው በር ሸኘችው።

ኣንገሶም እስከ ፋሲካ አልሄደም፤ አልደወለምም። በፋሲካ ማግሥት ሰኞ ብቻውን ሄዶ በራሱ አፍ ጠየቀ። በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይጋቡ የሚለው ንግግር አራት ወር ፈጅቶ ሳይቋጭ ቀረ። በጥቅምት በማዘጋጃ ቤቱ፣ በኮሙኔው አዳራሽ ተፈራረሙ። ወይዘሮ አብረኸት መጡ፤ አቶ ዑቕባሚካኤል አልመጡም።